የታሰረ ሰው ዕዳው የማን ነው? ኦሪትና የምርኮኞች ነገር

አቬራ መንግሥቱ ወደ ጋዛ የተሻገረው ጳጉሜን 2 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር። እንቁጣጣሽ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የወጣው የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.። አሥር ዓመት ከአምስት ወር። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር እስራኤል ገብቶ፣ አሽቀሎን የኖረ ሰው ነው። የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ቤተሰቡ ደጋግሞ ተናግሯል። መሣሪያ አልያዘም። በባሕሩ ዳርቻ በእግሩ ሄዶ ተሻገረ፣ ሐማስ ያዘው፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ እስራኤል ውስጥ ስለ ታጋቾች ብዙ ተባለ፤ በተለይ ሐማስ ጥቃት ካደረሰበት ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በክርክሩ ሁሉ አንድ የዕብራይስጥ ሐረግ ይመላለስ ነበር፤ ፒድዮን ሽቩዪም። ቃል በቃል ምርኮኞችን መቤዠት ነው። እኛ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቃል አለን፤ ቤዛ። ክርክሩ የፖለቲካ ብቻ ይመስላል እንጂ ሥሩ ኦሪት ውስጥ ነው። ኦሪት ስለ ሰው ነጻነት የምትለውን ካላወቅን ሰዎቹ በምን እንደተጨቃጨቁ እንኳ በደንብ አይገባንም።

እኔ የገባኝን ከወዲሁ ልናገር። በኦሪት ነጻነት የታሰረው ሰው ብቻውን የሚታገልለት ነገር አይደለም። ውጭ ባሉት፣ ነጻ በሆኑት ሰዎች ላይ የተጻፈ ዕዳ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ዘሌዋውያን 25 ላይ ስለ ኢዮቤልዩ የሚናገር ጥቅስ አለ። አምሳኛውን ዓመት ቀድሱ ይላል፤ ሳይተነፍስ ቀጥሎ ደግሞ በምድሪቱ ለሚኖሩ ሁሉ ነጻነትን አውጁ ይላል። መቀደስና ነጻ ማውጣት በአንድ ጥቅስ ውስጥ ናቸው። ዓመቱ የሚቀደሰው በመሥዋዕት ብዛት ሳይሆን ሰው ወደ ቤቱ፣ ወደ ርስቱ ሲመለስ ነው። እዚያ የገባው የዕብራይስጥ ቃል ድሮር ነው። ረቢ ይሁዳ በታልሙድ (የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክርና ትርጓሜ በተሰበሰበበት መጽሐፍ) ሲፈቱት በፈለገበት የሚያድር፣ ዕቃውን ይዞ በፈለገበት የሚዞር ሰው ማለት ነው ይላሉ። እኔ ይህን ፍቺ በጣም እወደዋለሁ። ነጻነት ማለት የት እንደምታድር የምትወስነው አንተ ነህ ማለት ነው። ጋዛ ዋሻ ውስጥ የታሰረ ሰው ከሁሉ በፊት የተነጠቀው እሱን ነው።

ምክንያቱ እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ተሰጥቷል። የእስራኤል ልጆች የእኔ አገልጋዮች ናቸው፣ ከግብፅ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ ይላል። ሰው ቀድሞ የተያዘ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው የራሱ ሊያደርገው አይችልም። ሙግቱ ይሄ ነው።

የጆሮውን ሕግ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዘጸአት 21 ላይ ስድስት ዓመት ያገለገለ ባሪያ በሰባተኛው በነጻ ይወጣል። ጌታዬን እወዳለሁ፣ አልወጣም ካለ ግን ጌታው ወደ በሩ አቅርቦ ጆሮውን በወስፌ ይበሳዋል። ለምን ጆሮውን? ረባን ዮሐናን ቤን ዛካይ እንዲህ ብለው አስረዱ፦ ያ ጆሮ በሲና ተራራ የእስራኤል ልጆች የእኔ አገልጋዮች ናቸው የሚለውን ድምፅ ሰምቷል፤ ሰምቶም ሄዶ ለራሱ ሌላ ጌታ ገዛ፤ ስለዚህ ይበሳ። ነጻነትን መናቅ እዚህ ጋ የግል ምርጫ ተብሎ አይታለፍም፤ ምልክት ይተውበታል።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ሰውን ሰርቆ የሸጠ ወይም በእጁ ይዞ የተገኘ ይሙት ይላል። ሊቃውንቱ ከአሥሩ ቃላት መካከል ያለውን አትስረቅንም ሳይቀር ስለ ሰው ስርቆት ነው ብለው ተርጉመውታል። ገንዘብ መስረቅ በሌላ ቦታ ተከልክሏል። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ግን ሰው መስረቅ ነው ማለታቸው ነው።

ዘዳግም 23 ደግሞ ከጌታው ኮብልሎ ወደ አንተ የመጣውን ባሪያ ለጌታው አሳልፈህ አትስጥ፣ በመረጠው ስፍራ አብሮህ ይቀመጥ ይላል። ይህችን ሳነብ አረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ትዝ ይሉኛል። ከማዳሟ ቤት የጠፋች ልጅ፣ የካፋላ ሥርዓት በሚሠራበት አገር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ አሠሪዋ ጠፋችብኝ ብሎ ባመለከተ ማግሥት ሕገ ወጥ ትሆናለች፤ የሸሸችው ከዱላ ይሁን ከረሃብ፣ ደመወዟ ዓመት ሙሉ ይቅር አይቅር የሚጠይቃት የለም። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ለኮበለለው ሰው የተጻፈለት ጥበቃ ዛሬ ለእሷ የለም።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ዘሌዋውያን 25 ራሱ ከሌሎች ሕዝቦች የተገዛ ባሪያ ለልጆቻችሁ ርስት ሊሆን ይችላል ይላል። ይህ አለ፤ ተጽፏል። ኦሪት ባርነትን በአንድ ቀን አልሻረችም። ሆኖም ጌታው ዓይኑን ወይም ጥርሱን ካጠፋበት ነጻ ይወጣል፣ በሰንበት ያርፋል፣ ከኮበለለ አይመለስም። ለእኔ ይህ አጥጋቢ መልስ አይደለም፤ ግን አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው። በፍጥረት ምዕራፍ ላይ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ የተባለው ዘር አልተጠቀሰበትም፤ ሰው ነው የተባለው።

አሁን ወደ ምርኮኞቹ።

በታልሙድ፣ ባባ ባትራ በተባለው ክፍል ላይ አንድ ውይይት አለ። ኤርምያስ 15 ላይ ሞት፣ ሰይፍ፣ ረሃብና ምርኮ በተራ ተዘርዝረዋል። ረቢ ዮሐናን በጥቅሱ ውስጥ ወደ ኋላ የመጣው ሁሉ ከፊተኛው የከፋ ነው አሉ። ስለዚህ ምርኮ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፤ ሦስቱም ውስጡ አሉበትና። የተያዘ ሰው ሊራብ ይችላል፣ ሊታረድ ይችላል፣ ሊሞት ይችላል፤ በየሰዓቱም የትኛው እንደሚመጣ አያውቅም።

ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ራምባም (ሙሴ ማይሞኒደስ) በ12ኛው መቶ ዘመን ይህን ይዘው ለድሆች ስለሚሰጥ ስጦታ በጻፉት ሕግ ውስጥ ምርኮኛን ከመቤዠት የሚበልጥ ትእዛዝ የለም ብለው ደነገጉ። ዓይኑን ከምርኮኛ ያነሳ ሰው ልብህን አታጽና፣ በወንድምህ ደም ላይ አትቁም፣ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚሉትን ሁሉ እንደተላለፈ ይቆጠራል አሉ። ራምባም ይህን ከወንበራቸው ሆነው ብቻ አልጻፉም። በ1168 የመስቀል ጦረኞች ቢልበይስ የምትባለውን የግብፅ ከተማ ይዘው አይሁዶቿን ሲማርኩ፣ ገንዘብ እንዲዋጣ ለየማኅበረሰቡ ደብዳቤ የላኩት እሳቸው ናቸው።

በጣም የሚገርመኝ ግን የምኩራቡ ጉዳይ ነው። አንድ ማኅበር ምኩራብ ሊሠራ ገንዘብ ሰብስቧል እንበል። ምርኮኛ ከመጣ ገንዘቡ ለምርኮኛው ይሁን። ገንዘቡ ወጥቶ ድንጋዩና እንጨቱ ተገዝቶ ከሆነስ? ድንጋዩና እንጨቱ ለሌላ ትእዛዝ አይሸጥም፤ ለምርኮኛ ግን ይሸጣል። በእኛ አገር ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የተዋጣን ብር ማንም ደፍሮ የማይነካው መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህ ሕግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። የጸሎት ቤት ይቆይ፣ ሰውየው ይውጣ ነው የሚለው። በ16ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው ሹልሐን ዓሩክ የተባለው የሕግ መጽሐፍም ምርኮኛን መቤዠት እየተቻለ የዘገየ ሰው በእያንዳንዷ ቅጽበት ደም እንዳፈሰሰ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ክርክር አይኖርም ነበር። ግን ሚሽና (ታልሙዱ የሚተረጉማት የቀደመችው የሕግ መጽሐፍ) ጊቲን በተባለው ክፍሏ አራተኛ ምዕራፍ ላይ ልጓም አስገባች። ምርኮኞችን ከዋጋቸው በላይ አይቤዟቸውም፤ ለዓለም ሥርዓት ሲባል። ታልሙዱ ምክንያቱን ሲፈልግ ሁለት ነገር ያነሳል። አንዱ ማኅበረሰቡ እንዳይደኸይ ነው። ሌላው አጋቾቹ ገበያው ደራልን ብለው ሌላ ሰው እንዳያግቱ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ከሆነ ሀብታም አባት ከኪሱ የፈለገውን ቢከፍል ማንም አይከለክለውም። ሁለተኛው ከሆነ እሱም አይችልም። ወዲያው የሌዊ ባር ዳርጋ ታሪክ ይመጣል፤ ልጁን በ13,000 የወርቅ ዲናር አስለቀቃት። እና ማን ፈቀደለት ይላል አንዱ። ምናልባት ሊቃውንቱን ሳይጠይቅ አድርጎት ይሆናል። ጨዋታው በዚያ ይቀራል። እኔ ግን ከሕጉ ይልቅ አባትየውን ነው የማስታውሰው።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ታሪክም አለ። ረቢ ያሆሹዓ ቤን ሐናንያ ሮም ውስጥ አንድ ልጅ እስር ቤት እንዳለ ሰምተው በር ላይ ቆሙ። ከኢሳይያስ አንድ ጥቅስ በግማሹ ጮክ ብለው አሉ፤ ልጁ ከውስጥ የቀረውን ግማሽ መለሰላቸው። የተጠየቅሁትን ሁሉ ከፍዬ ሳላስወጣው ከዚህ አልንቀሳቀስም አሉ። ብዙ ገንዘብ ከፍለው አስወጡት። ልጁ በኋላ ረቢ ይሽማዔል ቤን ኤሊሻ ሆኑ። ከዋጋ በላይ አይከፈልም የሚለው ሕግስ? የኋላ ሊቃውንት ይህን ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። አንዳንዶቹ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ልኩ አይሠራም አሉ፤ ሌሎቹ አልተቀበሉትም።

በተቃራኒው ወገን ሁሌ የሚጠቀሱት የሮተንበርጉ ረቢ ማየር ናቸው። በ1286 ተይዘው ታሰሩ። ማኅበረሰቡ ብዙ ገንዘብ ሊከፍልላቸው ፈልጎ ነበር፤ እንደሚተረከው ግን እሳቸው ራሳቸው አይሆንም አሉ፣ ነገ ረቢ የተባለ ሁሉ ይታገታል ብለው። በ1293 እዚያው ሞቱ። አስከሬናቸው እንኳ ሳይለቀቅ ቆይቶ በ1307 አንድ አሌክሳንደር የሚባል ሰው ከፍሎ አወጣውና ቮርምስ ከተማ ተቀበሩ። ከፋዩ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ስሞት ከጎናቸው ቅበሩኝ። ሁለቱ መቃብሮች ዛሬም ጎን ለጎን ናቸው።

እንግዲህ በእኛ ዘመን ቋንቋ ስትገለብጡት ያው ነው። በ1976 የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ተጠልፎ ኡጋንዳ ኢንቴቤ ሲያርፍ፣ ጠላፊዎቹ እስረኞች ይፈቱልን አሉ። ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ያሉት ሰዎች አደጋ ላይ መሆናቸው የተረጋገጠ ነው፤ የሚፈቱት እስረኞች ነገ የሚያደርሱት ጉዳት ግን ገና የሚያጠራጥር ነው፤ ስለዚህ መለዋወጥ ይቻላል። የእስራኤል ወታደሮች ቀድመው ታጋቾቹን ስላስለቀቁ ፍርዱ አልተፈተነም። በ1985 ሦስት ወታደሮች በ1,150 እስረኞች ሲለወጡ ረቢ ሽሎሞ ጎሬን አጥብቀው ተቃወሙ። በ2011 ጊልዓድ ሻሊት አምስት ዓመት ከታገተ በኋላ በ1,027 እስረኞች ተለወጠ። ከተፈቱት አንዱ በኋላ የሐማስ መሪ የሆነው ያህያ ሲንዋር ነበር። የኦክቶበር 7ን ጥቃት ያቀናበረው እሱ ነው። በዚያ ቀን 1,200 ያህል ሰው ተገደለ፣ 251 ሰው ታገተ።

ስለዚህ ከዋጋ በላይ አትክፈሉ የሚሉትን ሰዎች ጨካኝ ናቸው ብዬ ማለፍ አልችልም። ፍርሃታቸው ባዶ አይደለም፤ መቃብር ቆፍሯል። ሚኒስትር የነበሩት ኢታማር ቤን ግቪር በጃንዋሪ 2025 ታጋቾችን በእስረኞች የመለወጡን ስምምነት ተቃውመው ከመንግሥት ለጊዜው ሲወጡ ያነሱት ክርክር ይኸው ነው፤ ብዙ ሃይማኖተኛ ቤተሰቦችም፣ የራሳቸው ልጅ የታገተባቸው ጭምር፣ እንዲሁ ያሰቡ ነበሩ።

ግን አልስማማም። አንደኛ፣ ሚሽና የምትናገረው ስለ ማኅበር ነው፤ ከባሕር ወንበዴ የተያዘ ነጋዴን ከኪሱ ስለሚያስለቅቅ ድሃ ማኅበር። መንግሥት ግን ግብር ይቀበላል፣ ወታደር ይመለምላል፣ ድንበር ላይ ሰዎችን ያሰፍራል፣ እንጠብቃችኋለን ይላል። ሰዎቹ ከአልጋቸው ላይ የተወሰዱት የሚጠብቃቸው ስላልነበረ ነው። ዕዳው የመንግሥት ነው። ሁለተኛ፣ የነገ አደጋ ነገ በመጠበቅ ይመለሳል። ዛሬ ዋሻ ውስጥ ያለውን ሰው የነገ መያዣ ማድረግ ግን ሰውየውን ሁለት ጊዜ ማገት ነው፤ አንዴ በጠላት፣ አንዴ በወገን ስሌት። ቴል አቪቭ የታጋቾች አደባባይ በተባለው ቦታ ከሁለት ዓመት በላይ የቆሙት ቤተሰቦች ሲሉ የነበረው በአጭሩ ይኼን ነው። በሕይወት የቀሩት የመጨረሻዎቹ 20 ሰዎች የወጡት ኦክቶበር 13 ቀን 2025 ነው። በምላሹ የዕድሜ ልክና የረጅም ዓመት ፍርደኞች የሆኑ 250 እና ከጋዛ የተያዙ 1,700 ገደማ ፍልስጤማውያን ተፈቱ።

ስለ እነዚህ 1,700ዎችም ዝም ማለት አልችልም። ፒድዮን ሽቩዪም በሕጉ ቋንቋ ወንድም ለወንድም ያለበት ግዴታ ነው። ሥሩ ግን ከወንድምነት ይቀድማል። ሚሽና በሳንሄድሪን አዳም ብቻውን የተፈጠረው ማንም ሰው ለባልንጀራው አባቴ ከአባትህ ይበልጣል እንዳይል ነው ትላለች። እስራኤል ውስጥ አስተዳደራዊ እስር የሚባል ነገር አለ። ሰው ክስ ሳይመሠረትበት፣ ችሎት ላይ ማስረጃው ሳይቀርብለት እስከ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከዚያም ይታደስበታል፣ እንደገና ይታደስበታል። በጦርነቱም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፍልስጤማውያን አልቀዋል። የእንግዳን ነፍስ ታውቃላችሁ፣ በግብፅ እንግዶች ነበራችሁና የሚለው የዘጸአት ቃል የተነገረው በትክክል ኃይል በእጁ ለገባ ሕዝብ ነው። የራስን ሰው ለማስፈታት እየጮሁ የሌላው ሰው መታሰር የማይሰማ ልብ፣ ያ የተበሳው ጆሮ ነው።

ኤርምያስ 34ን ሰዎች ለምን ብዙ እንደማያነሱት አይገባኝም። ንጉሥ ሴዴቅያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ተከባ ሳለ ከሕዝቡ ጋር ቃል ኪዳን አድርጎ ባሮቹን ሁሉ ነጻ አወጣ። የግብፅ ጦር መጣ ተባለና ባቢሎናውያን ለጊዜው ከከተማዋ ራቁ። ባለባሮቹ ወዲያው ሄደው የለቀቋቸውን ሰዎች መልሰው ያዙ። ነቢዩ ያመጣው መልእክት የሚያስፈራ ነው፦ እናንተ ለወንድሞቻችሁ ነጻነት አላወጃችሁም፤ እኔም ለእናንተ ነጻነት አውጃለሁ፤ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለረሃብ። ያችው ድሮር የምትባለው ቃል ናት የገባችው። ከተማዋ ብዙም ሳትቆይ ወደቀች። ነቢዩ በዚህ ምዕራፍ ስለ ጣዖት አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ያነሳው የተፈቱትን ሰዎች መልሶ መያዝን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልመልሳችሁ፤ ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነውና።

በ16ኛው መቶ ዘመን ራድባዝ በሚል የሚታወቁ ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ግብፅ ውስጥ ነበሩ። አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። ከኢትዮጵያ በጦርነት ተማርካ የመጣችና አይሁዳዊ ሰው የገዛት ሴት ነበረች። ምንድን ናት? ባሪያ ናት ወይስ ምን? ራድባዝ ሲመልሱ እነዚያ ሰዎች ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው አሉ። በሌላ መልሳቸውም እንዲህ ያለው ሰው ሲገዛ ባሪያ ሆኖ ሳይሆን ምርኮኛ ሆኖ ነው፤ እሱን መቤዠትም ትእዛዝ ነው ብለው ፈረዱ።

ልብ በሉልኝ። በ1973 ያው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ሲፈርዱ ከደገፏቸው ዋና መሠረቶች አንዱ ይህ የራድባዝ ቃል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመመለስ ሕግ (አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው ሕግ) ለቤተ እስራኤል እንዲሠራ መንገዱ ተከፈተ። ከዚያ ቤተ እስራኤልን በሱዳን በረሃ በኩል ወደ እስራኤል ያስገባው ዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው የወሰደው ዘመቻ ሰሎሞን። የዚህ ሁሉ ክር ሲሳብ ጫፉ ላይ አንዲት ከኢትዮጵያ የተማረከች ሴት አለች፤ ባሪያ ናት ሲባል የለም፣ ምርኮኛ ናት፣ ዕዳዋ የእኛ ነው የተባለላት።

በዚያ ክር ከመጣው ሕዝብ የተወለደ አንድ ልጅ ነው እንግዲህ በ2014 ጋዛ የቀረው። አሥር ወር ያህል ስሙ በእስራኤል ጋዜጦች ላይ እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር፤ እገዳው የተነሳው በጁላይ 2015 ነው። ቤተሰቡና ማኅበረሰቡ ቆዳው ነጭ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይረሳ ነበር ወይ እያሉ አደባባይ ወጥተዋል። በጃንዋሪ 2023 ሐማስ ቪዲዮውን ሲለቅ ብዙ እስራኤላውያን መልኩን በደንብ ያዩት ያኔ ነበር። ከእሱ ጋር በአንድ ቀን የወጣው ሂሻም አል-ሰይድ የተባለው የበደዊን ዐረብ እስራኤላዊም እንዲሁ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ከ2015 ጀምሮ የታገተና የተረሳ ሰው ነው።

ሁለቱም የወጡት በጃንዋሪ 2025 በተደረሰው ስምምነት፣ በመጀመሪያው ዙር በነበሩት 33 ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተው ነው። በአሥሩ ዓመት ውስጥ ለአቬራ ብቻ ተብሎ የተፈጸመ ስምምነት አልነበረም። ሌሎች ሊወጡ ሲሉ ስሙ አብሮ ተጻፈ።